ኤድዋርድ ሩፔልና የስሜን አይጥ

ስለ ስሜን ተራራ በተነሣ ቍጥር ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አብረው ይነሣሉ። የእነዚህን እንስሳት ሥዕል በቴምብር ወይም በመጽሔት ሽፋን ላይ ያላየ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ሦስቱንም ወደ ዓለም የሳይንስ መዝገብ ያገባቸው ሰው ማን እንደ ሆነ ብንጠያየቅ የሚመልስልን ጥቂት ነው። ሰውየው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ተወላጅ ጀርመናዊ ነው። ከሦስቱ ዝነኞች ሌላ አንዲት ትንሽ የሣር አይጥም ከዚያው ከስሜን ደጋ ወስዶ ስም አውጥቶላታል። በዚህ ጽሑፍ የሩፔልን ሕይወት ባጭሩ ተርከን፣ ዝና ያላገኘችው የዚህች አይጥ ወገን ስለ አንጎልና ስለ መድኃኒት ምን እንዳስተማረ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱን አንባቢ ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋር ለማስተያየት እንዲመቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

ሩፔል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ሀብታም ባለባንክ ስለ ነበረ ልጁም የንግድን ሥራ እንዲወርስ ታስቦ አደገ። ይሁን እንጂ በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና በረሃ ባደረገው ጉዞ ልቡ ከሒሳብ መዝገብ ወደ ተፈጥሮ ዞረ። ከዚያ በኋላ የነጋዴነቱን ነገር ትቶ ወደ ኢጣሊያ ሄደና በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ፤ በጄኖቫም የከዋክብትን አቀማመጥ እየለኩ የቦታን መገኛ የማወቅን ጥበብ ተማረ። በትውልድ ከተማው በ1817 የተመሠረተው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ገና ጀማሪ ነበረና ሩፔል ከጉዞው የሚያገኘውን ሁሉ ለማኅበሩ ቤተ መዘክር ለመስጠት ወሰነ። ሀብት ያለው ሰው ሀብቱን በምን ላይ እንደሚያውለው መምረጡ ትልቅ ነገር ነው፤ የሩፔል ምርጫ ይህ ሆነ።

የመጀመሪያ ረጅም ጉዞው ከ1822 እስከ 1827 ቆየ። በዚህ ጊዜ ግብጽን፣ ሲናን፣ ኑቢያን፣ ኮርዶፋንንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ተመላልሶ አየ። ወደ ፍራንክፈርት የላከው የእንስሳ ቆዳ፣ የዓሣና የወፍ ዓይነት እጅግ ብዙ ስለ ነበረ ማኅበሩ በሥዕል የተደገፈ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመበት፤ ሩፔልም ስለ ጉዞው በ1829 የራሱን መጽሐፍ አወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ረክቶ በተቀመጠ ነበር። እሱ ግን በ1830 እንደገና ተነሣ። ረዳቱ ቴዎዶር ኤርክል አብሮት ነበረ፤ በስሜን ገደል ላይ ማለዳ ማለዳ የምትጮኸው ትልቋ ቆቅ ዛሬም በሳይንስ ስሟ የዚህን ረዳት ስም ይዛለች።

በ1831 ምጽዋ ሲደርስ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ነበረች። በጎንደር ዙፋን ላይ የነበሩት ነገሥታት ከስም በቀር ሥልጣን አልነበራቸውም። የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት ከደብረ ዐባይ ጦርነት በኋላ ሞተው፣ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ልጅ ደጃዝማች ውቤ እጃቸውን ወደ ትግራይ ዘርግተው ነበር። መንገዱ በጦርና በሽፍታ የታጠረ ስለ ሆነ ማንም መንገደኛ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ካልተጠጋ ወደ ደጋ ለመውጣት አይደፍርም ነበር። ሩፔልም ተራውን ጠብቆ በ1832 ከምጽዋ ተነሣ፤ የትግራይን ደጋ አቋርጦ ተከዜን ተሻገረና ስሜን ገባ። ከዚያው ዓመት ክረምት፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር ከ1824 ዓ. ም. ክረምት፣ ብዙውን ጊዜ በእንጨትቃብ ተቀምጦ አሳለፈ።

ዛሬ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ አንድ መቶ ኪሎሜትር ያህሉን በመኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ከደባርቅም በላይ የፓርኩ መንገድ ይቀጥላል። የስሜንን ክረምት ያየ ግን ሩፔል ምን ዓይነት ኑሮ እንደ ኖረ ሊገምት ይችላል። ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም፤ በረዶው ገብሱን ይመታል፤ ጭቃው በቅሎ ያስቀራል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ሳይደርቅ ይበላሻል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሩፔል የተራሮችን ከፍታ በአየር ክብደት መለኪያ ለካ፤ እንስሳትንና አዕዋፍን ሰበሰበ፤ ዕፅዋትን በወረቀት መካከል አደረቀ። ጅባራ የተባለው የስሜን ጌጥ ለአውሮፓ የዕፅዋት ዐዋቂዎች የታወቀው ፍሬዜኒዩስ የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1838 ከሩፔል ስብስብ አውጥቶ ስለ ገለጸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንላለን። ባዕድ ሰው በአንድ ክረምት ውስጥ የስሜንን አውሬ ብቻውን አድኖ ሊያገኝ አይችልም። ዋልያ በየትኛው ገደል እንደሚውል፣ ጭላዳ ማታ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ቀይ ቀበሮ በየትኛው ሜዳ ላይ አይጥ እንደሚያደባ የሚያውቀው የአገሩ እረኛና አዳኝ ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም በላቲኑ መዝገብ አልገባም። ቋንቋቸው ግን ገባ፤ ሩፔል ለጭላዳና ለዋልያ የሰጣቸው የሳይንስ ስሞች የስሜን ሰው ከሚጠራቸው ስም የተወሰዱ ናቸውና። ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በለንደን ያለ የእንስሳት ሐኪም ስማቸውን ሲጠራ ሳያውቀው የስሜንን እረኛ ቃል ይደግማል።

ክረምቱ ሲያልፍ ሩፔል ወደ ጎንደር ወረደ። ጎንደር በዚያ ጊዜ የፖለቲካ ኃይሏ ቢደክምም የሊቃውንት ከተማነቷ አልጠፋም ነበር። በዚያም ከታላቁ ዐዋቂ ከሊቅ አጽቁ ጋር ተዋወቀ። ሊቁ በታሪክና በመጻሕፍት ዕውቀታቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩና ለሩፔል ብዙ ነገር አስረዱት፤ የብራና መጻሕፍትንም እንዲያገኝ ረዱት። ሩፔል የአክሱም ነገሥታትን ገንዘብ ጭምር ሰብስቧል። መጻሕፍቱን ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ እስከ ዛሬም የዚያች ከተማ የግዕዝ መጻሕፍት ስብስብ ዋናው ክፍል ከእሱ የተገኘው ነው። በ1833 በአክሱምና በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ተመልሶ ወደ አገሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የጽሕፈት ዓመታት ነበሩ። ከ1835 እስከ 1840 የኢትዮጵያን አዳዲስ አጥንታም እንስሳት የሚገልጸውን መጽሐፉን በየክፍሉ አሳተመ። ጭላዳና ዋልያ በ1835፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በ1840 በስሙ ተመዘገቡ፤ የቀይ ቀበሮ የሳይንስ ስም የስሜንን ስም እንደ ያዘ ይገኛል። ከደምቢያ ያመጣው ፍልፈልም ከ1835ቱ አንዱ ነው። ወፎችን በተመለከተ ትልቁ ቁራና ነጭ አንገቷ ርግብ፣ ሰማያዊ ክንፏም ዝይ በእሱ ብዕር የተገለጹ ናቸው። የጉዞው ታሪክ በሁለት ክፍል ከ1838 እስከ 1840 ታተመ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ ይህን ሜዳይ ካገኙት የውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። በ1852 ብሬም የሚባል ሌላ ጀርመናዊ አንድ ትልቅ ጥንብ አንሣ በሩፔል ስም ሰየመ። የዚህ ዓይነቱ ጥንብ አንሣ በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ እስከ ዛሬ በከፍታ የሚወዳደረው ወፍ አልተገኘም።

አይጧ የተመዘገበችው በ1842 ነው። መኖሪያዋ እንጨትቃብ ተብሎ ተጻፈ፤ ስሟም የኢትዮጵያ አይጥ ማለት ሆነ። በዚያ ጊዜ ሜዳይ ያሸለመችው እሷ አልነበረችም፤ ማንም ሥዕሏን በግድግዳ ላይ አልሰቀለም። ሩፔል ራሱ በኋላ ዘመኑ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ተቃቅሮ ከእንስሳት ጥናት ራቀና ወደ ጥንታዊ ገንዘብ ጥናት አዘነበለ። ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በዘጠና ዓመቱ በተወለደባት ከተማ ሞተ።

የሩፔል ታሪክ በዚህ ያበቃል፤ የአይጧ ወገን ታሪክ ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ስለ አንጎል መናገር ያስፈልገናል፤ የአርት ፋኩልቲ ባልደረቦቻችንም ቢሆኑ ትዕግሥት እንዲያደርጉልን እንለምናለን።

በአንጎል ውስጥ አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያደርሰው በቅመም አማካይነት ነው። ከእነዚህ ቅመሞች አንዳንዶቹ ተቀባዩን ሕዋስ ያነሣሡታል፤ ሌሎቹ ዝም ያሰኙታል። ዝም ከሚያሰኙት ዋነኛው ጋማ አሚኖ ቡቲሪክ አሲድ፣ ባጭር አጠራር ጋባ ይባላል። በአይጥ አንጎል ውስጥ መኖሩን ዩጂን ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ ከሥራ ጓደኛው ጋር በ1950 አስታወቀ። ጋባ የሚሠራው ከግሉታሜት ሲሆን ለሥራው የቪታሚን ቢ ስድስት እርዳታ ያስፈልጋል። ጋባ ከተቀባዩ ሕዋስ በር ላይ ሲያርፍ ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም ይረጋጋል። ሥራውን ሲጨርስ ወይ ተመልሶ ይሰበሰባል ወይ በሌላ ኤንዛይም ይፈርሳል። ይህ ልጓም ሲላላ አንጎል እንደ ደነበረ ፈረስ ይሆናል፤ የሚጥል በሽታ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እንግዲህ መድኃኒቶች ይህን ልጓም በልዩ ልዩ መንገድ ይነካሉ። ቪጋባትሪን የሚባለው ጋባን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያሰናክላል፤ ስለዚህ በአይጥ አንጎል ውስጥ የጋባ መጠን እጅግ ይጨምራል። ቫልፕሮኤትም መጠኑን ከፍ ያደርጋል። በተቃራኒው ከ1952 ጀምሮ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ከልክ ሲያልፍ የቪታሚን ቢ ስድስትን ሥራ ስለሚያግድ ጋባ ይጐድላል፤ አይጧም ሰውም በመንቀጥቀጥ ይወድቃሉ። ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ያ ቪታሚን አብሮ የሚሰጠው ነርቭን ለመጠበቅ ነው። ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ የሚያገለግለው ፌኖባርቢታልና በ1963 የወጣው ዲያዜፓም ደግሞ የጋባን መጠን ሳይጨምሩ ሥራውን ያጠነክራሉ፤ የመጀመሪያው በሩን ረዘም ላለ ጊዜ ያስከፍታል፣ ሁለተኛው ደጋግሞ ያስከፍታል። አረቄና ጠላም ከሌላ ሥራቸው ጋር በዚሁ በር ላይ እጃቸው አለበት፤ ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚያንቀጠቅጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በአመዛኙ ከነጭ አይጥና ከመሰሎቿ ነው። እነዚህ እንስሳት ግን የሌሊት ናቸው፤ እኛ ስንነቃ እነሱ ይተኛሉ። ሩፔል ከእንጨትቃብ የመዘገባት የሣር አይጥ ወገን ከእነዚህ የምትለየው በዚህ ላይ ነው፤ የቀን ናት። በስሜን ሜዳ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሣር ውስጥ ስትሯሯጥ ትታያለች፤ ቀይ ቀበሮም በቀን የሚያድነው ስለዚህ ነው። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የናይል የሣር አይጥ እንዲሁ የቀን እንስሳ ስለ ሆነች፣ በ1993 ከኬንያው ማሳይ ማራ የተያዙ ወላጆች ዘር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተራብቶ መጠናት ጀመረ።

በ2004 ኖቫክና አልበርስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚችው አይጥ ላይ የሚከተለውን አሳወቁ። በአንጎል ሥር፣ ከዓይን ነርቮች መሻገሪያ በላይ፣ የቀንና የሌሊትን ተራ የምትቈጥር ትንሽ የሕዋሳት ክምችት አለች፤ ሕዋሳቷም ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ጋባን ይይዛሉ። ከእንጉዳይ የሚገኝ ሙሲሞል የሚባል የጋባ አምሳያ ቅመም በቀን ሰዓት እዚያች ቦታ ላይ ሲሰጥ በሌሊት አይጦች ዘንድ ሰዓቱን ወደ ፊት እንደሚገፋ ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር። በቀኗ የሣር አይጥ ዘንድ ግን ያው ቅመም በያው ሰዓት ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰው። ቅመሙ አንድ፣ በሩ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ።

ይህ ነገር ለምን ያሳስበናል? ሰው የቀን ፍጡር ነውና። በሌሊት እንስሳ ላይ የተለካ መድኃኒት ለቀን እንስሳ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት ይሠራል ብሎ ማመን እንደማይገባ ይህ ሙከራ ያስተምራል። ከዚህ አልፈን ፌኖባርቢታል ለሰው አይሠራም ማለታችን አይደለም፤ ለሰው መሥራቱ በሰው ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የተረጋገጠ ነው። በደባርቅም ሆነ በዳባት ገጠር ያለ የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ጠበል ሲገባም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ መምከር ይገባል፤ በድንገት ማቋረጥ ልጓሙን ባንድ ጊዜ መልቀቅ ነውና በሽታው ብሶ ይነሣል። የምንለው ይህ ነው፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሰዓትና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ የሌሊት አይጥን ብቻ በመጠየቅ ሙሉ መልስ አያገኝም።

አሁን ወደ ሩፔል እንመለስ። በተማሪዎች መካከል ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን አውሬያችንንና ብራናችንን ጭኖ የሄደ ሁሉ ዘራፊ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን እነሱ ባይመጡ ኖሮ ራሳችንን ባላወቅን ነበር ይላል። እኛ ሁለቱንም እንዳለ አንቀበልም። የመጀመሪያው ወገን ሩፔል የጻፈውን ሁሉ በግልጽ አሳትሞ ማንም እንዲያነበው መተዉን ይረሳል፤ ሀብቱንም ለራሱ ሳይሆን ለቤተ መዘክርና ለቤተ መጻሕፍት አዋለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሊቅ አጽቁንና ስሙ ያልታወቀውን የእንጨትቃብ እረኛ ይረሳል፤ ሩፔል የተማረው ከእነሱ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ጉዳት በግልጽ አለ። የጎንደርን ታሪክ ለመመርመር የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ብራናውን በፍራንክፈርት መፈለጉ፣ የስሜንን አይጥ ለመመርመር የሚፈልግም የመጀመሪያውን ቆዳ በዚያው ከተማ መጠየቁ ቀላል ሸክም አይደለም።

ቆዳው ሄዷል፤ አይጧ ግን እዚሁ ናት። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥሮ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ግጦሽና እርሻ ሜዳውን በጠበቡት መጠን የሣር አይጧም ቦታ ይጠባል፤ ከእሷም ጋር ቀይ ቀበሮ። ገበሬው በገብሱ ላይ የሚያያትን አይጥ ቢጠላት አይፈረድበትም፤ የልጁ እንጀራ ነውና። ሆኖም ገበሬው ባይበደል ሜዳውም ባይጠፋ የሚበጀውን ዘዴ መፈለግ ከተማረ ሰው ይጠበቃል። ደባርቅ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሩፔል ከምጽዋ ተነሥቶ ተከዜን ተሻግሮ የደረሰበትን ሜዳ የደባርቅ ተማሪ በአንድ ቀን ይደርስበታል። ሩፔል ያልነበረው አጉሊ መነጽርና የመለኪያ መሣሪያ በእኛ ዘመን አለ፤ እረኛውም እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ቋንቋውም የራሳችን ስለ ሆነ አስተርጓሚ አንፈልግም።

ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የእንጨትቃብን አይጥ በቤቷ፣ በቀን ብርሃን፣ እንዲያጠኗት፤ የእኛም ወገን ሊቅ አጽቁ ለሩፔል ያስረዱትን ሁሉ ከሩፔል መጽሐፍ አውጥቶ በአማርኛ እንዲመልስ እናሳስባለን። የሩፔል መጽሐፍ ከታተመ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በጀርመንኛ የተጻፈውን የስሜንን ክረምት የስሜን ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ሊያነቡት ይገባቸዋል።